የምሥራቁ ግድግዳ ማብሪያ

ሰኔ አሥራ አንድ ቀን ጠዋት ቤቱ እንደ ወትሮው የደም ግፊቴን፣ የተኛሁበትን ሰዓትና የቀኑን ሙቀት ካነበበልኝ በኋላ አንድ ማስታወቂያ ጨመረ። የምሥራቁ ግድግዳ ሐሙስ ይታደሳል። ግድግዳው ውስጥ ያልተመዘገበ ሽቦ ስለተገኘ ይወጣል። ከሽቦው ጋር የተያያዘው የእጅ ማብሪያም አብሮ ይነሣል።

"ተቃውሞ አለዎት?" አለኝ።

ድሬዳዋ ውስጥ እርስዎ የሚለኝ ቤቴ ብቻ ነው።

"ሽቦው ወዴት ይሄዳል?"

"ከቤቱ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ አይደለም።"

ማብሪያው የባለቤቴ የይትባረክ ነው። ከቤቱ ጀርባ ባለችው፣ እሱ "ጋራዥ" እያለ በሚጠራት፣ መኪና ግን ገብቶባት በማታውቅ ክፍል ውስጥ ነው ያለው። ይትባረክ በሙያው የውሃ መሐንዲስ ነበር። ከሥራ ውጭ ያለውን ጊዜ የሚያጠፋው ሰዎች የጣሏቸውን፣ እጅ ይነካቸው የነበሩ ዕቃዎችን በመሰብሰብ ነው። የበር እጀታ፣ የቧንቧ መክፈቻ፣ የምድጃ ማዞሪያ፣ የብረት ቁልፍ፣ ቁጥሩ የሚሽከረከር ስልክ። ቀፊራ ገበያ ካሉ የቁራጭ ብረት ነጋዴዎች እየለቀመ ያመጣል፤ በነጭ ጋዝ ያጥባል፤ መቼ እንደተሠራና ማን ቤት እንደነበረ አጣርቶ በካርድ ላይ ይጽፋል። በር ሰው አይቶ መከፈት፣ ውሃም እጅ አይቶ መውረድ ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኗል። "እጅ እኮ ሥራ ፈታ" ይል ነበር።

ማብሪያው ክብና ጥቁር ነው፤ መሐሉ ላይ የነሐስ መጫኛ አለው። ከአንድ አሮጌ ባቡር ጣቢያ የወጣ ነው ብሎኛል። ግድግዳው ላይ የተከለው እኔ የተማሪዎቼን ፈተና በማርምበት ሳምንት ነው። "ምን ያበራል?" ብለው "ጨዋታ ነው" አለኝ። ሁለተኛ አልጠየቅኩትም።

ይትባረክ ከሞተ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት ጋራዡ ውስጥ አልገባሁም። ከዚያ ወዲህ ግን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እገባና ማብሪያውን ሦስት ጊዜ እጫናለሁ። ሦስት የሆነው በሥላሴ ልማድ ነው፤ እናቴ በር ስትዘጋ እንኳን ሦስት ጊዜ ታማትብ ነበር። ማብሪያው ቀጭ ይላል። ምንም አይበራም። እወጣለሁ።

ቤቱ ይህንን "ጉዳት የሌለው ልማድ" ብሎ መዝግቦታል።

በማግሥቱ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የእድሳት ባለሙያዋ መጣች። ኢፍቱ ትባላለች፤ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ትከሻዋ ሰፊ የሆነ ሴት ናት። ገና ጋራዡን እንደረገጠች ቆመች።

"አቦ! ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?"

"የበር እጀታ ነው።"

"ሁሉም?"

"ያ የያዝሽው የቧንቧ ነው።"

እያገላበጠች አየችው። "ወዴት ነው የሚዞረው?"

"አላውቅም። ባለቤቴ ነበር የሚያውቀው።"

"እኔ እኮ በዚህ ሥራ አሥር ዓመቴ ነው፣ እትዬ ሶልያና። ወላሂ፣ ቡሎን በእጄ ይዤ አላውቅም።" መክፈቻውን እንደ እንቁላል ተጠንቅቃ ቦታው መለሰችው። ከዚያ መሣሪያዋን ግድግዳው ላይ አድርጋ፣ ሽቦውን ከማብሪያው ጀምራ በዝግታ ተከተለችው። "ከዚህ ቤት ኃይል አይወስድም። ቀጥ ብሎ ይሄዳል... እዚህ ጋ ይወጣል። ከግድግዳው ማዶ ያለው ቤት የማነው?"

"የጋሽ ነጂብ።"

"እንግዲያው እሱ ቤት የሆነ ነገር እያበራሽ ነው። ብዙ ጊዜ ተጭነሽዋል?"

"በየቀኑ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

ነገርኳት።

"ኧረ እትዬ! ሰውዬውን በመብራት ጨርሰሽዋላ!"

አልሳቅኩም። ነጂብ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር ነው፤ ሠላሳ ዓመት የይትባረክ ጓደኛ ነበር። ከሁለቱ ቤቶች ጀርባ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠው አንድ የዛገ ቡሎን በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተሠራ ሲከራከሩ ይመሽባቸው ነበር። ለይትባረክ ልቅሶ ሁለት መቶ ሰባት ሰው፣ እያንዳንዱ ለሰባት ሰባት ደቂቃ፣ ገብቶ ወጥቷል። ቤቱ ተራውን ስላወጣ ሁለት ለቀስተኛ በአንድ ላይ አላለቀሰም፤ በሥርዓት አለፈ ተባለ። ነጂብም ሰባት ደቂቃውን ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ አልመጣም። ሰው እንዲህ ነው ብዬ ተውኩት። የተውኩት ግን አልነበረም።

"ለነጂብ ቤት ጥየቃ ላክ" አልኩት ቤቱን።

ጥየቃ የሚሄደው ከቤት ወደ ቤት ነው። ሁለቱ ቤቶች የሁለቱን ሰዎች እንቅልፍና የልብ ምት ያስተያያሉ፤ ያለፈው ጉብኝት ምን ስሜት ትቶ እንደሄደ ይመዝናሉ። ከተስማሙ በር ይከፈታል። ካልተስማሙም ቅያሜ የለም፤ እምቢ ያለ ሰው የለምና። ሄዶ ማንኳኳት ነውር ከሆነ ቆይቷል።

"አይመከርም" አለ ቤቱ። "ከአቶ ነጂብ ጋር ያለው ጥየቃ ዝግ ነው።"

"ማን ዘጋው?"

"እኔ።"

ኢፍቱ መሣሪያዋን ከግድግዳው ላይ አወረደች።

"እሱ ጠይቆኝ ያውቃል?"

"አርባ አንድ ጊዜ። የመጀመሪያው በሠልስቱ ማግሥት ነው። የመጨረሻው ከአራት ወር በኋላ ነው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርዎት ያዝኑ ነበር። የሟች ወዳጅ ጉብኝት ሐዘንን በአማካይ ለሦስት ቀን ያባብሳል። ጥየቃው ከተዘጋ ወዲህ እንቅልፍዎ ተሻሽሏል።"

እውነቱን ነው። እንቅልፌ ተሻሽሏል።

"የሁሉም ቤት እንዲሁ ነው" አለች ኢፍቱ ጫማዋን እያየች። "የኔም እናት..." ብላ ተወችው።

"ሐሙስ ሽቦውን ከማውጣትሽ በፊት ምን እንደሚያበራ ማየት አለብኝ" አልኳት። "ከወጣ በኋላ ማወቂያ የለኝም።"

ወደ ጓሮ የሚያወጣውን የጋራዡን በር ተመለከተች። "ለሥራ ብዬ ይሄን በር ሩብ ሰዓት ክፍት ማቆየት እችላለሁ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው የምሠራው። ማን እንደወጣ አላየሁም።"

ውጭ ሙቀቱ ዐርባ ዲግሪ ነበር። እስከ ነጂብ የጓሮ በር ዐሥራ ዘጠኝ እርምጃ ነው። በሩ እጀታም ደወልም የለውም። ድንጋይ አንሥቼ መታሁት።

"ጥየቃ አልቀረበም" አለ የነጂብ ቤት።

ደግሜ መታሁ።

"ማነው ቤቴን በድንጋይ የሚደበድበው?" የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

"እኔ ነኝ፣ ጋሽ ነጂብ። ሶልያና።"

 ከዚያ "ክፈት!" ሲል ሰማሁት። ቤቱ የሆነ ነገር ሲያስረዳው ይሰማል። "ክፈት አልኩህ አቦ! ግፊቴን ራስህ ጠጣው!"

በሩ ተከፈተ። ነጂብ ከስቷል። ሽርጡን በአንድ እጁ፣ ግድግዳውን በሌላው ይዞ ቆሟል። ሰላምታ ማቅረብ ይገባኝ ነበር።

"ያን ማብሪያ ስጫን ምንድን ነው የሚበራው?" አልኩት።

ትንሽ አየኝና ዞሮ ወደ ውስጥ መራኝ። መደርደሪያ ላይ፣ በታሪክ መጻሕፍት መካከል፣ አንድ የሰርዲን ቆርቆሮ አለ። ቆርቆሮው ውስጥ አውራ ጣት የምታክል ቀይ አምፖል ተተክላለች።

"ይቺ ናት" አለ። "ባልሽና እኔ የድሮ ባቡር ጣቢያዎች እንዴት ይነጋገሩ እንደነበር ስናነብ ከረምን። ሐዲዱ አንድ ነው። ጣቢያው ባቡር ከመልቀቁ በፊት ለሚቀጥለው ጣቢያ ደወል ይደውላል፤ መንገዱ ነጻ ነው ወይ ብሎ። ያኛው እስኪመልስ ማንም ንቅንቅ አይልም። ይትባረክ 'እኛስ ከማን እናንሳለን?' አለ። እሱ ደግሞ አንድ ነገር ካሰበ..."

"አውቃለሁ።"

"ቤቶቹ ሳይሰሙን ማለት ነው። አንድ ጊዜ ከበራ፣ አለሁ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ከበራ፣ ና ማለት ነው።" እዚህ ላይ አቆመ።

"ሦስትስ?"

"ተይው።"

"ጋሽ ነጂብ፣ ሦስትስ?"

"ሦስት ከሆነ፣ ሶልያና ተቆጥታለች፣ ዛሬ አትምጣ ማለት ነው።" ሳቀ፤ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ቀረ። "ጨዋታ ነበር እኮ። አንቺን ለማማት አይደለም። ማለቴ... ትንሽ ለማማትም ነው።"

የነጂብ ቤት የክፍሉን ሙቀት በአንድ ዲግሪ ዝቅ ሲያደርግ ይሰማኛል።

"በየቀኑ ሦስት ጊዜ ነው የተጫንኩት" አልኩ።

"አይቼዋለሁ። ሁልጊዜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚህ ነኝ።" አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "ቤትሽ እምቢ ሲለኝ፣ ማሽን ነው፣ ምን ያውቃል እያልኩ ደጋግሜ ጠየቅኩ። ከዚያ አንድ ቀን ይቺ በራች። ሦስት ጊዜ። በማግሥቱም ሦስት። ይትባረክ ምልክቱን ነግሯት ይሆናል አልኩ። ቤት ይሳሳታል፣ እጅ ግን አይሳሳትም ብዬ መጠየቄን ተውኩ። ካላወቅሽው ታዲያ ለምን ሦስት?"

"በሥላሴ ብዬ ነው።"

ነጂብ ወደ ጣሪያው ቀና አለ። "ያ ረቢ" አለ። "እኔ እስላሙ ደግሞ ቁጣ መሰለኝ።"



"ሲበራ ምን ታደርግ ነበር?"

"ቆርቆሮው ሥር ባለው መጫኛ እመልስልሻለሁ። አንድ ጊዜ። አለሁ ብዬ።"

"እኔ ጋ የበራ ነገር የለም።"

"አንቺ ጋ ያለው መብራት አይደለም፣ ደወል ነው። ይትባረክ ሥራ ላይ ካቀረቀረ መብራት አያይም። ነገር ግን አንቺ ከሰዓት በኋላ ትተኛለሽ። ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳታል ብሎ ደወሉን በካልሲ ጠቀለለና መሳቢያ ውስጥ አደረገው። ክንዱን ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፍ ንዝረቱ ይሰማዋል።"



"ሩብ ሰዓቱ አለቀ" ብዬ ወጣሁ።

ኢፍቱ አሁንም ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች ነበረች። አልጠየቀችኝም። የጠረጴዛውን መሳቢያዎች አንድ በአንድ ሳብኩ። ሦስተኛው ውስጥ ሽቦ የወጣበት ግራጫ ካልሲ አገኘሁ። ካልሲውን አውቀዋለሁ። አንዱ ጠፍቶ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስፈልገው፣ ይትባረክ አብሮኝ አልጋ ሥር ሲያይ ነበር።

የዚያን ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ተጫንኩና መዳፌን ካልሲው ላይ አደረግኩ። ከጥቂት ቆይታ በኋላ ነዘረኝ። አንድ ጊዜ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከቆምኩበት አንድ ክንድ ርቀት ላይ ሲነዝር ኖሯል ማለት ነው፤ እኔ ወጥቼ በሩ ከኋላዬ ከተዘጋ በኋላ።

ሐሙስ ጠዋት ኢፍቱ መሣሪያዎቿን ይዛ መጣች። ግድግዳውን እንደማላሳድስ ነገርኳት።

"እትዬ፣ የምትይውን አውቀሽ ነው?" አለች። "ካልታደሰ ቤቱ ይሄን ክፍል ይተወዋል። ማቀዝቀዣ የለ፣ መብራት የለ። ጤናሽንም እዚህ ውስጥ አይከታተልም። ወድቀሽ ብትሰበሪ ማንም አያውቅልሽም።"

"በሰዓቱ ካልተጫንኩ ነጂብ ያውቃል።"

"የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ!"

"ሰባ ዘጠኝ።"

"ኧረ በቃ፣ ወጣት ነዋ!" ጭንቅላቷን ነቀነቀች። "ሽቦውስ? ያልተመዘገበ ነው።"

"አንቺ ያልሽው ነው። ክፍሉን ቤቱ ከተወው፣ ሽቦው በማን ቤት ውስጥ ነው ያለው?"

ጥቂት አሰበች። ከዚያ ፈገግ አለች። "በማንም።"

ለስምምነቱ የአውራ ጣት አሻራዬን ሰጠሁ። ኢፍቱ ክፍሉን ከተቀረው ቤት አቋረጠች። መብራቱ ጠፋ፤ ሳይታወቀኝ ዘመኔን ሁሉ ስሰማው የኖርኩት የማቀዝቀዣው ሹክሹክታም አብሮ ጠፋ። ቤቱ ከኮሪደሩ ሆኖ ተናገረኝ።

"ይህንን ክፍል ከአሁን በኋላ አላውቀውም። ወደዚያ ሲገቡ የት እንዳሉ አላውቅም።"

"እሺ" አልኩት።

የጓሮው በር ከእንግዲህ በራሱ አይከፈትም፤ ስለዚህ እጀታ አስፈለገው። ከመደርደሪያው ላይ አንዱን መረጥኩ። ካርዱ ላይ በይትባረክ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ "ነሐስ። ከዚራ ሰፈር ከፈረሰ ሆቴል። መልካም ነው፣ ትንሽ ይላላል።" ካቻቢቴ ይዤ አላውቅም ነበር። ኢፍቱም አታውቅም። አንዲቷን ቡሎን ሁለታችን ተጋግዘን አሥር ደቂቃ ስናዞራት ቆይተን፣ እየፈታናት እንጂ እያጠበቅናት እንዳልሆነ የገባን መሬት ላይ ስትወድቅ ነው።

"ወደ ቀኝ ነው መሰለኝ" አለች ኢፍቱ።

ወደ ቀኝ ነው። አራቱንም ቡሎን ከጨረስን በኋላ በሩን ከፍታ ዘጋችው፤ ደግማ ከፍታ ዘጋችው። ስትሄድም በዚያው በር ወጣች፤ በዋናው በር መውጣት ስትችል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጋራዡ ገባሁ። ሙቀቱ ስንት እንደሆነ የሚነግረኝ አልነበረም። ማብሪያውን ሁለት ጊዜ ተጫንኩና መዳፌን ካልሲው ላይ አሳረፍኩ።

አንድ ጊዜ ነዘረ።

ጠበቅኩ። ለእኔ ዐሥራ ዘጠኝ እርምጃ ነው፤ ለእሱ ስንት እንደሚሆን አላውቅም። ከማዶ ከቤቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰማሁ። ከዚያ በረጅሙ ምንም አልተሰማም። ሄጄ ልደግፈው አሰብኩና ተውኩት፤ ና ተብሎ የተጠራው እሱ ነው። በመጨረሻ እጀታው ተንቀሳቀሰ። ወዴት እንደሚዞር ሳይጠራጠር አዞረው።

ገብቶ ቆመ። ነጭ ጋዝና ዝገት ይሸታል ክፍሉ። መደርደሪያዎቹን ከዳር እስከ ዳር አያቸው፤ አንድ ሁለት ዕቃ በጣቱ ጫፍ ነካ።

"ሁሉም እንዳለ ነው" አለ።

"አልነካሁትም።"

 ጋራዡ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ፣ የይትባረክ ነው። ጠረጴዛው ሥር፣ መቀመጫው ወደ ግራ እንደሰመጠ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ይቆማል። እኔ ተቀምጬበት አላውቅም፤ ሁልጊዜ ቆሜ ነው የምወጣው። ነጂብ ወንበሩን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ፤ መደርደሪያውን ያዝ አደረገ።

"መቆም ይሻለኛል" አለ።

"ጉልበትህ ይንቀጠቀጣል።"

"ልማዱ ነው። ስታይው ደንግጦ ነው።"

በሩ ክፍት ነበር። የኒሙ ጥላ እስከ ደፉ ድረስ ደርሷል።

"ተቀመጥ፣ ጋሽ ነጂብ" አልኩት።

ወንበሩን በሁለት እጁ ወደ ኋላ ስቦ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ወንበሩ ከሥሩ ጮኸ። ይህ ድምፅ ድሮ ከመኝታዬ ሆኜ ስሰማው ያበሳጨኝ ነበር፤ ዘይት አድርግበት እያልኩ እጮህ ነበር። ደግሞ እንዲጮህ፣ ነጂብ እንደገና እስኪንቀሳቀስ ቆሜ ጠበቅኩ።